ሥጋ ያልተበላበት ቤት

አዲስ አበባ
መስከረም 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለየብርጓል፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እንዲህ ብለው በሚጀምሩ ተማሪዎች ደብተር ላይ ቀይ እስክሪብቶ የማሰምር እኔው ነበርኩና ተውኩት። እንዴት ነሽ? ልጅሽ የሺዋስ ትምህርት ጀመረ? አባቱ አንሙትስ ወፍጮ ቤቱን ከፈተ? አማትሽ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ የእስላም ልጅ ቤታቸው በመግባቷ አኮረፉ ወይስ ተቀበሏት? ሁሉንም ጻፊልኝ። ስለ እሷ በመጨረሻ የምጠይቀው ቀድሜ ከጠየቅኩ ሌላውን መጻፍ ስለማልችል ነው። ልጄ እንዴት ናት?

እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ተኝቻለሁ። በሽታው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ መሆኑ ተረጋግጧል። ሕክምናው ከዓመት ያልፋል፤ ሕፃን አጠገቤ እንዳይደርስ ተብሏል። አብዱረዛቅ ለሚስቱ ሲል የደብረ ማርቆሱን ሱቅ ዘግቶ መጥቶ መርካቶ ዘመዱ ዘንድ ጨርቅ ይሸጣል። ከሥራ ሲወጣ ይመጣና በመስኮት በኩል አይቶኝ ይሄዳል። እናቴ በሕይወት ብትኖር ልጄን ለእናቴ እሰጥ ነበር። የእሱ እናት ደግሞ ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ።

ስንለያይ መናገር ያቃተኝን አሁን ልናገረው። ልጅሽን ገና ስም ሳይወጣለት ቀብረሽ፣ ጡትሽን በጨርቅ አስረሽ ተኝተሽ ሳለ ነው ልጄን ታቅፌ የመጣሁብሽ። እኔ እንዳላጠባት ተከልክያለሁ፤ የዱቄት ወተቱን ደግሞ ስትጠጣ ታስመልሳለች፣ ያስቀምጣታል፤ አጥንቷ ቀርቶ ነበር። የጤና ጣቢያው ልጅ "ሆዷ ወተቱን አሲሚሌት አላደረገውም" ሲለን በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል እኔና አንቺ ተያየን። በዚያች ቃል ስንት ቀን ተኮራርፈናል! እንግሊዝኛ ስናስተምር ተማሪ ትርጉሟን ቢጠይቀኝ እኔ "ማዋሐድ" ብዬ ነገርኩት፤ አንቺ በማግሥቱ እዚያው ክፍል ገብተሽ "የለም፣ መዋጥ ነው" አልሻቸው። ርዕሰ መምህሩ ናቸው ያስታረቁን። ያን ቀን ግን አልተከራከርሽም። ልጄን ከእጄ ተቀብለሽ ጨርቁን ፈታሽ። ጠባች፤ በእርጋታ ጠባች፤ ሆዷም አልመለሰውም። ልጄ ልትድን ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ የዚያኑ ያህል ደግሞ ቀናሁብሽ። ይኸው ተናገርኩት።

ሁለት ነገር አደራ። ስሟን ሳሊሃ እያልሽ ጥሪያት። ሥጋ መብላት ስትጀምር ከሐጂ ዑበይዱላህ ቤት የታረደውን ብቻ አብያት። ፎቶዬንም ከአልጋው በላይ ስቀዪውና አሳያት።

ኢንተርኔቱ ከተዘጋ ወዲህ በስልክ የምንባባለው "ደህና ነኝ፣ አይሰማም" ብቻ ስለሆነ ይህን በጭነት መኪና ሹፌሩ በውበቱ ልኬዋለሁ። መልሱን በእሱ ስጪው።

ጠይባ


ሉማሜ
ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጠይቤ፣

ደብዳቤሽ ከነውበቱ መኪና ደጀን ላይ ቆሞ ከርሞ ትናንት ገባ። አንብቤ እንደ መምህር አርሜዋለሁ፤ ሁለት ስህተት አለው። አንደኛ፣ "ሁለት ነገር አደራ" ብለሽ ሦስት ዘርዝረሻል። ሁለተኛ፣ ጥርስ ላላበቀለች ልጅ ስለ ሥጋ ትጨነቂያለሽ።

አትሥጊ፣ ወፍራለች። እጇ ላይ እንደ ክር የታሰረ የሥጋ እጥፋት ወጥቷል። ስትጠባ ዓይኗን አትከድንም፤ ልክ አንቺ ፈተና ስትጠብቂ እንደምታዪው አድርጋ ታየኛለች።

እማሆይን ጠይቀሻል። የመጀመሪያው ቀን አማተቡ። በማግሥቱ "አንቺ ምን በልተሽ ነው ይችን ልጅ የምታጠቢ?" ብለው ወተት እንዲጨምርልኝ አብሽ ያፈሉልኝ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ታቅፈዋት አገኘኋቸው። ሳያቸው አፈሩና "ወተት ሃይማኖት የለውም" አሉኝ። ለቆባቸው ምክንያት ሲፈልጉ እኮ ነው! የሺዋስ ትምህርት አልጀመረም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ አልጀመረም። አንሙት መብራት ሲኖር ይፈጫል።

ስለ እኔ አትጠይቂኝ ብዬሽ ነበር። ልጄ የሞተ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሁሉ "ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ" ይለኝ ነበር። ጡቴ ግን ይህን አልሰማም፤ ሌላ ክፍል ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ቀሚሴ ይረጥብ ነበር። ልጅሽን ያዳንኩ እንዳይመስልሽ። ማን ማንን እንዳዳነ እግዜር ይወቀው።

ፎቶሽ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት እያየችሽ ትስቃለች።

ያንቺው የብርጓል


አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ብርጓልዬ፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ፤ የልደቱ አልፏል ብዬ ዘለልኩት። "እያየችሽ ትስቃለች" ያልሽውን አብዱረዛቅ በመስኮቱ በኩል ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፤ ከእኔ ጋር የተኙት ሴቶች ሁሉ ሰምተው መረቁሽ።

ስለ መድኃኒቱ በውበቱ ቃል ልከሽ ጠይቀሽኛል። እፍኝ ሙሉ ክኒን ነው። እውጠዋለሁ፤ ይመለሳል። ነርሷ እንደገና ትሰጠኛለች። የልጄ ሆድ ወተቱን፣ የእኔ ሆድ ክኒኑን አልቀበልም አለ፤ ከዘራችን ሳይሆን አይቀርም። ያደረው ያድርና ሌላው ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ሰው ይድናል ይሉኛል።

አብዱረዛቅ እዚህ ያሉ ሼኽ ጠይቆ መጣ። ለሳሊሃ የጡት እናቷ ነሽ፤ የሺዋስም ወንድሟ ነው፤ አይጋቡም። "ያጠባቻት ክርስቲያን ናት" ቢላቸው "ታዲያ ውለታዋ በዚህ ይቀንሳል?" አሉት። እኛም አገር የጡት ልጅ እንላለን እኮ፤ ሁለቱም ወገን የተስማማበት ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

አሁን መልስሽን የምፈልገውን ልጠይቅሽ። አፏ ምን አለ? በስልክ ጠይቄሽ መስመሩ ተቋረጠ አልሽ፤ በውበቱ ቃል ልኬብሽ ሌላ ሌላ ነገር ላክሽብኝ። ልጅ መጀመሪያ የሚለው ነገር አለ። እሷ ምን አለች? ማንን አለች?

ጠይባ


ሉማሜ
ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጠይቤ፣

ይቅርታ፤ ዘገየሁብሽ። መንገዱ ተዘግቶ ከረመ፤ ውበቱም አባይን ሳይሻገር ከፍልቅልቅ ይመለስ ነበር። እዚህ አንዳንድ ቀን ስለሚሆነው ነገር አልጽፍልሽም፤ አንቺ በሽተኛ ነሽ፣ ወረቀቱም ትንሽ ነው። ሁላችንም አለን።

ስለ ሥጋው ልንገርሽ። ሐጂ ዑበይዱላህ ሱቃቸውን ቆልፈው ቤተሰቡን ይዘው ደብረ ማርቆስ ገቡ። አሁን ሉማሜ ላይ ላንቺ ልጅ የሚያርድላት ሰው አጣሁ። እሷ ደግሞ ጥርስ አውጥታ፣ ገበታ ላይ ከኛ እኩል ትቀመጣለች፤ የሺዋስ የሚጎርሰውን ካላጎረሳችሁኝ ትላለች። አንድ ቀን ዶሮ ወጥ ሠርተን እጇን ዘረጋች። መለስኳት። እንደገና ዘረጋች። እንደገና መለስኳት። ከንፈሯን ጥላ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንሙት ሳህኑን ገፋና "ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሥጋ አይገባም፤ ወይ ሁላችን ወይ ማንም" አለ። ባሌን ታውቂዋለሽ፤ በዓመት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚናገረው። የዘንድሮውን ተናገረ።

ፋሲካን በሽሮ ፈታን። ጎረቤት "አንሙት ከስሮ ነው" ብሎ አማን። እማሆይ "እኔስ ቆቤን ከጫንኩ ጀምሮ አልበላም፤ ልጁ ምን በደለ?" ብለው ለየሺዋስ ሲከራከሩ፣ እሱ ራሱ "እኔም አልፈልግም" አላቸው። ዓይኑ ግን ጎረቤት ጭስ ላይ ነበር። አደራሽ እንዲህ እየተጠበቀ ነው።

አፏን ጠይቀሻል። ወፍ ናት፣ ብዙ ትላለች። አንዱን ካንዱ መለየት ያስቸግራል።

የብርጓል


አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

የብርጓል፣

ውበቱ ቤት መጥቶ ነበር። ከሆስፒታል ወጥቻለሁ፤ አክታዬ ነፃ ሆኗል፤ ክኒኑን ግን እስከ ታኅሣሥ እወስዳለሁ። ሻይ እየጠጣ ደስ ሊያሰኘን ፈልጎ "ማስረሻ እንዴት ፈርጥማለች መሰላችሁ!" አለ። "ማስረሻ ማናት?" አልኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ። አብዱረዛቅ ተነሥቶ ወጣ።

እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ። ማስረሻ ለማን እንደሚወጣ ልትነግሪኝ አትችይም። ልጅ ሞቶባት ሌላ ለወለደች፣ ሐዘኗን እንዲያስረሳት ነው። ሳሊሃ የማን ሐዘን ማስረሻ ናት? የሞተው ያንቺ ልጅ ነው። እኔ አልሞትኩም። ወይስ እኔንም ቀብራችሁኛል?

አንድ ስም ነበር አደራ ያልኩሽ። ሥጋውን ከልክላችሁ ስሟን በላችሁት። ያኔ "መዋጥ ነው" ስትዪ የተከራከርኩሽ እኔ ጅል። አንቺ የምታውቂውን ነበር የምታስተምሪው።

ጠይባ


ሉማሜ
መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጠይባ፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። ሰላምታ አለመጻፍሽ ከተጻፈው በለጠብኝ።

ክረምት ሳይገባ ሳሊሃ ኩፍኝ ታማ ነበር፤ ደብቄሽ ነው። ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር። እማሆይ ናቸው ያስታመሟት። አቅፈዋት እየዞሩ "ማስረሻዬ፣ አትሂጅብን፣ አንቺም አትሂጅብን" ይሉ ነበር። ምን ልበላቸው? በዚያ ሰዓት "እማሆይ፣ ስሟ ሳሊሃ ነው" ይባላል? ስትድን ስሙ አብሯት ዳነ። የሺዋስ ያዘው፤ ጎረቤት ያዘው። እኔ ሰው ፊት ሳሊሃ ነው የምላት። ብቻችንን ስንሆን እኔም ማስረሻ ብያታለሁ። አይቅርብሽ፤ ሌላውንም ስሚው። መጀመሪያ ያለችው "እማ" ነው። እኔን ነው ያለችው። አላረምኳትም።

አንድም ቀን ልውሰድብሽ ብዬ አላሰብኩም። ስሟን አስጠናኋት፤ ሥጋውን ከቤቴ አባረርኩ፤ ስትተኛ ባልገባኝ አረብኛ አንቺ የጻፍሽልኝን ቢስሚላህ እላለሁ። እሷ ግን በዚህ ሁሉ መሃል ዝም ብላ የኛ ሆነች። አካሄዷ የአንሙት ነው። ስትቆጣ እንደ እማሆይ "እንዴ!" ትላለች። ማንም አላስተማራትም። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ባለፈው ያችን አሲሚሌት የምትለውን ቃል ክፍል ውስጥ ሳስተምር አንዲት ተማሪ "የሚዋጠው ነገር መዋጡን ያውቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። አያውቅም አልኳት። የሚውጠውም እንደማያውቅ ልጨምር ስል ደወሉ ተደወለ።

ክኒንሽን ጨርሺና ነይ። ነይና ውሰጃት። ጥርሴን ነክሼ ነው የምጽፈው፤ ቶሎ ነይ፣ ሳልለቀው።

የብርጓል


አዲስ አበባ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብርጓልዬ፣

በሰላም ገብተናል። ደጀን እስክንደርስ አለቀሰች፤ አባይን ስንሻገር ድምጿ ዘጋ። ተሳፋሪው የሰው ልጅ የሰረቅኩ መስሎት ያየኝ ነበር። ፍተሻ ላይ አንዱ "እናቷ ነሽ?" ሲለኝ አብዱረዛቅ ነው የመለሰልኝ።

በርሽ ላይ ቆሜ "ሳሊሃ" ስላት አልዞረችም። ከኋላዋ የሺዋስ "ማስረሻ" ሲላት ዞረች። አንቺ ፊትሽን በነጠላሽ ሸፈንሽ፤ እንዳላይሽ ነው፤ አይቼሻለሁ። ያኔ ልጮኽብሽ ይዤ የመጣሁትን ሁሉ ረሳሁት። የነሐሴውን ደብዳቤ ቅደጅልኝ።

ስለምትበላው በውበቱ ጠይቀሻል። አትበላም። ለመምጣቷ አብዱረዛቅ በግ አርዶ ነበር። ጉበቱን አድቅቄ አጎረስኳት፤ አፏ ውስጥ አዙራ አዙራ መዳፌ ላይ ተፋችው። ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ይህን ያህል ትጠብቂልኛለሽ አላልኩም ነበር፤ አፈርኩ። ገንፎም አልፈለገችም፣ ወተትም። ትከሳለች። በር በተከፈተ ቁጥር ትሮጥና ሰው አይታ ትመለሳለች። እኔ እናቷ፣ እሷ ስትተኛ ምን እንደሚደረግላት አላውቅም። እህቴ፣ እየለመንኩሽ ነው፤ ምን ታደርጊላት ነበር?

ጠይባ


ሉማሜ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጠይቤ፣

ውበቱ ደብዳቤሽን ሰጥቶኝ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፤ የመኪናው ሞተር አልጠፋም። በሩጫ ነው።

ገንፎ ስትሰጫት መጀመሪያ አንቺ ጉረሺ፣ ጣትሽን ላሺ፣ ከዚያ የረሳሻት መስለሽ ዝም በያት። ራሷ መጥታ አፏን ትከፍታለች። በቅቤ አይሁን፤ የለመደችው በተልባ ነው። ሽሮ ቀጭን። ውኃ በብርጭቆ አትጠጣም፣ በጣሳ። ሌሊት ስትባንን አታንሻት፤ የጆሮሽን ጫፍ አስይዣት። እሱን እያሸች ትተኛለች። ስትቆጪ ስሟን አትጥሪ፤ ስሟን በደግ ቀን ብቻ ትስማው። ሳሊሃ የሚለውን ቶሎ ትለምደዋለች፤ ልጅ ነች።

ነጠላዬን ልኬልሻለሁ። ያን ቀን ፊቴን የሸፈንኩበት ነው። አላጠብኩትም፤ አንቺም አትጠቢው። ተከናነቢውና ታቀፊያት። መጀመሪያ እኔን እኔን ይሸታታል። እየዋለ እያደረ አንቺን አንቺን ይሸታል። ሳታውቀው ትሻገራለች። ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ስለ እኔ አልጠየቅሽኝም፤ ደግ አደረግሽ። ግን አንድ ሰው መስማት አለበት። ጡት ገና አላስጣልኳትም ነበር። ጡቴ እንደገና ሞልቶ በጨርቅ አስሬዋለሁ። ያው ጨርቅ ነው። እማሆይ አብሹን ደብቀውታል።

አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። እኔን መጠየቅ የተወች ዕለት ጻፊልኝ። እንዳትዋሺኝ።

የብርጓል


አዲስ አበባ
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለየብርጓል፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ! የሺዋስ፣ አንሙት፣ እማሆይ ሁላችሁም እንዴት ከረማችሁ? እኛ በጣም ደህና ነን። ሳሊሃ መብላት ጀምራለች፤ ዘዴሽ ሁሉ ሠርቷል። ጤንነቴም ጥሩ ነው። እዚህ ያሉ ጎረቤቶች ጥሩ ሰዎች ናቸው። አብዱረዛቅ ሰላም ብሎሻል።

ሁልጊዜ ትጠይቅሻለች፣ "እማ የት አለች?" ትላለች። ፎቶሽን ሰቅዬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እያየችሽ ትስቃለች።

አክባሪሽ ጠይባ


ሉማሜ
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጠይቤ፣

አክባሪሽ? ከመቼ ወዲህ ነው የምታከብሪኝ?

"ጠዋት ጠዋት እያየችሽ ትስቃለች" የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ካስታወስሽ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የምትስቀው አንቺን አይታ አልነበረም። ጠዋት ፀሐይዋ የፎቶውን መስታወት ስትመታው ግድግዳው ላይ ብርሃን ይጫወታል፤ እሱን አይታ ነበር። አንቺ ተኝተሽ ደም እየተፋሽ ይህን እንዴት ልጻፍልሽ? ሐኪምም አልነበርኩም፤ መድኃኒት የለኝ፤ ያለኝን ላክሁ።

አሁን አንቺ ያንኑ መልሰሽ ስትልኪልኝ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ግን እውነቱን ካንቺ አፍ ካልሰማሁ፣ በር ሲንኳኳ እሷ ናት ማለቴን አልተውም። የሺዋስ አንድ ቀን አይቶኝ "እማዬ፣ እሷ እኮ በሩ አይደርስላትም፣ አታንኳኳም" አለኝ። ጻፊልኝ።

የብርጓል


አዲስ አበባ
ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብርጓልዬ፣

እሺ።

መጠየቅ ያቆመችው ፋሲካ ሳይደርስ ነው። የትኛው ቀን እንደሆነ አላውቅም። አንድ ቀን በር ሲከፈት አለመሮጧን አየሁ፤ መቼ እንደተወችው ግን አላየሁም። ነጠላሽን እኔ ነኝ እስካሁን የምከናነበው። እኔን እኔን ይሸታል። ሳልፈልግ ባለፈው ሳምንት አጠብኩት።

ፎቶሽን አውርጄ አሳየኋት። "ማናት?" አለችኝ። "ያጠባችሽ እናትሽ" አልኳት። "እናቴ አንቺ" አለችና ጉንጬን መትታኝ ሮጠች። የመጀመሪያዋ ነው እንዲህ ስትለኝ። ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነው፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ፎቶሽን ይዤ ተቀምጬ አለቀስኩ። አብዱረዛቅ ደንግጦ "አመመሽ?" አለኝ።

ሌላም አደረግኩ፤ ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቂኝ። ስትጫወት ከኋላዋ ሆኜ "ማስረሻ" አልኳት። አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት። አልዞረችም።

ይህን ብቻ ስሚኝ። ሐኪሙ አይቷት "ይች ልጅ አጥንቷ እንዴት ጠነከረ፣ ምን እያበላችሁ አሳደጋችኋት?" አለኝ። ያንቺ ወተት ነው አልኩት። ስትተኛ ዛሬም የጆሮዬን ጫፍ ይዛ ነው፤ ከማን እንደለመደችው አታውቅም። ማዋሐድ ይሁን መዋጥ እኔ ከእንግዲህ አልከራከርሽም። ውስጧ አለሽ፤ ግን አትታዪም። ላጽናናሽ ፈልጌ ነበር፤ ስጽፈው ማጽናኛ አልመስል አለኝ።

መንገዱ ሲከፈት ይዣት እመጣለሁ ልልሽ እችላለሁ። አልልሽም። አንቺ ደጅ ቆመሽ፣ እሷ ከእግሬ ኋላ ስትደበቅብሽ ማየት አልችልም።

ጠይባ


ሉማሜ
መስከረም 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጠይቤ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ደብዳቤሽ ለዋዜማ ደረሰ። አመሰግናለሁ፤ እውነቴን ነው። እናቴ አንቺ ማለቷ ደግ ነው፤ እናቷ አንቺ ነሽ።

ለእማሆይ አነበብኩላቸው። ሰሙና "በቃ፤ ልጅቷ እናቷ ቤት ገብታለች፤ ይኸ ቤትም ይፍታ" አሉ። አንሙት ለዕንቁጣጣሽ በግ ገዛ። ከዚያች ከዶሮዋ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ቢላ ሲሳል የመጀመሪያው ነው። ጎረቤት "አንሙት ተነሣ" ብሎ መረቀው።

ገበታው ቀረበ። የሺዋስ እጁን ታጥቦ ተቀመጠና ሥጋውን አየ፤ ቀጥሎ በሩን አየ። "አሁን መብላት ይቻላል?" አለ። አባቱ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። "ለማስረሻስ?" አለ። አንሙት ሳህኑን አስጠጋለት። ትንሽ ጠበቀና በላ። ብዙ በላ፤ ይብላ፣ ልጅ ነው።

እኔም ጎረስኩ። አኘክሁት፣ አኘክሁት። አንሙት እያየኝ ነበርና ለመዋጥ ሞከርኩ። አልወረደልኝም። ውኃ የማመጣ መስዬ ወጣሁና ጓሮ ተፋሁት። እዚያው ቆሜ ልጅሽ መዳፍሽ ላይ የተፋችው ትዝ አለኝ፤ እኔና እሷ አሁንም አንድ ነገር አለን ብዬ ትንሽ ቆየሁ። እሷ ግን እስካሁን ለምዳዋለች። ትልመደው።

አንሙትን፣ ልጄን፣ እማሆይን የማበላ እኔ ነኝና ተመልሼ ገባሁ። ጡቴም ደርቋል፤ ጨርቁን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ።

ከእንግዲህ ስለ እኔ አትንገሪያት፤ ፎቶዬንም አውርጂው። ልጅ ሁለት እናት ለማወቅ ጊዜ የለውም። ግን ዛሬ ብቻ፣ ይህን ስታነቢ፣ ግንባሯን ሳሚልኝ። ማን ነው የሳመኝ ብትልሽ፣ ሉማሜ ያለች አንዲት አስተማሪ ናት፣ ድሮ አብረን እንሠራ ነበር በያት።

የብርጓል